ለአኳሪየም ሳምፕ የማይከዳ መላሽ ፓምፕ አመራረጥ

አኳሪየሙ ሥር ሳምፕ፣ ማለትም ውሃው ወርዶ የሚጣራበትን ታችኛ ገንዳ፣ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ሊትር የሚል ፓምፕ ልግዛ?» ጥያቄው ተደጋግሞ ስለሚመጣ መልሱን ከነስሌቱ እዚህ አስቀምጠነዋል። ሁለት ነገር ከወዲሁ ይያዙ። አንደኛ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሊትር እርስዎ ቤት ገንዳው ውስጥ የሚገባው ሊትር አይደለም። ሁለተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው በራሱ የማይነሣ ፓምፕ፣ የቱንም ያህል ጸጥተኛና ርካሽ ቢሆን፣ ለሳምፕ አይሆንም።

መላሽ ፓምፕ የምንለው ከላይኛው ገንዳ ወደ ሳምፕ ወርዶ የተጣራውን ውሃ መልሶ ወደ ላይ የሚገፋውን ነው። እሱ ከቆመ ማጣሪያውም፣ ሳምፕ ውስጥ የተቀመጠው ማሞቂያም ከዓሦቹ ጋር ይቆራረጣሉ።

ስሌቱ እንዳይደናገር እስከ መጨረሻው በአንድ ምሳሌ እንሄዳለን፦ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳ.ሜ. የሆነ የጨው አልባ ውሃ ገንዳ፣ ውሃው እስከ 47 ሳ.ሜ. የተሞላ፣ ከሥሩ ባለ 80 በ35 ሳ.ሜ. ሳምፕ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ ማርከርና ወረቀት
- 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ እና የስልክ ሰዓት ቆጣሪ
- 2 ሜትር ያህል ቱቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 20 ወይም 25 ሚ.ሜ.
- 2 ወይም 3 ጎሚቶ (ኤልቦ)፣ 1 ዩኒየን (በእጅ የሚፈታ የቱቦ መጋጠሚያ)
- ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ. ለስላሳ የውሃ ጎማ ከነማሰሪያው
- ከፓምፑ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ
- ነጭ አቼቶና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
- ትርፍ ኢምፔለር (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክንፍ) ከነዘንጉ
- ኮረንቲ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር (አርሲዲ)

ደረጃ 1፦ የሚፈልጉትን ፍሰት ያስሉ

ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በውሃው ከፍታ፣ ከዚያ ለ1,000 ማካፈል ነው። 120 × 40 × 47 ሲካፈል ለ1,000፣ 225 ሊትር ይሆናል። ለጨው አልባ ውሃ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ጊዜ የሚዞር ፍሰት ይበቃል። ለጨዋማ ውሃ ከ5 እስከ 10 ጊዜ የተለመደ ነው፤ ኮራል ያለበት ገንዳ የሚፈልገውን ኃይለኛ ሞገድ ግን ለብቻው የሚገጠም የሞገድ ፓምፕ ይስጠው እንጂ ከመላሹ አይጠበቅ። ለምሳሌያችን 225 × 5 = 1,125፤ 1,200 ሊትር በሰዓት እንበለው።

ይህ ቁጥር መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት «ትልቅ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ሦስት ጣጣ ስለሚያመጣ ነው፦ ሳምፑ ውስጥ ውሃው ከመጣራቱ በፊት አረፋ ይዞ ይሮጣል፣ ከላይኛው ገንዳ ውሃ የሚያወርደው ቱቦ (መውረጃው) ይጮኻል፣ የመብራት ቆጣሪውም ያለ ጥቅም ይቆጥራል።

ደረጃ 2፦ የመግፊያውን ከፍታ ይለኩ

መለካት የሚጀመረው ከፓምፑ አፍ ሳይሆን ፓምፑ ካለበት የሳምፕ ክፍል የውሃ ገጽ ነው። ፓምፑ የተነከረበት ውሃ ራሱ ወደ ላይ ስለሚገፋለት ከገጹ በታች ያለው ጥልቀት አይቆጠርም። መጨረሻው ደግሞ የላይኛው ገንዳ የውሃ ገጽ ነው። ቱቦው ከውሃው በላይ ሆኖ የሚያፈስ ከሆነ ግን እስከ ቱቦው አፍ ይለኩ።

በምሳሌያችን ከወለል እስከ ላይኛው ውሃ ገጽ 127 ሳ.ሜ.፣ ከወለል እስከ ሳምፑ ውሃ ገጽ 32 ሳ.ሜ. ነው። ልዩነቱ 95 ሳ.ሜ.። ሳምፑ የሚለካው ፓምፑ እየሠራ ውሃው በሚቆምበት ልክ ነው፤ ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው ከፍ ስለሚል ልኬቱ ያታልላል።

ደረጃ 3፦ ቱቦው የሚበላውን ይጨምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃ በጠባብ ቱቦ ሲያልፍ ግድግዳውን እየታከከ ኃይሉን ያጣል። ይህ ኪሣራ እንደ ተጨማሪ ከፍታ ይቆጠራል። በሰዓት 1,200 ሊትር ሲያልፍ በእያንዳንዱ ሜትር ቱቦ የሚጠፋው በግምት ይህን ያህል ነው፦

- ውስጡ 13 ሚ.ሜ. (ግማሽ ኢንች) ሲሆን 60 ሳ.ሜ.
- 16 ሚ.ሜ. ሲሆን 22 ሳ.ሜ.
- 20 ሚ.ሜ. ሲሆን 7.5 ሳ.ሜ.
- 25 ሚ.ሜ. ሲሆን 2.5 ሳ.ሜ.

ሁለት ሜትር የግማሽ ኢንች ጎማ ብቻውን 1.2 ሜትር ይበላል ማለት ነው፤ ውሃውን ከሳምፕ ወደ ገንዳ ከማንሣት የበለጠ። ፓምፑ ደካማ ነው ተብሎ ከሚጣልበት ጊዜ ብዙውን ጥፋቱ የጎማው ነው።

ቱቦ ሲገዙ የውስጡን ስፋት በሜትር ለክተው ይግዙ። ፒፒአር (ጠንካራው የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ) የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው፤ «25» የሚባለው ወፍራሙ ዓይነት ውስጡ 17 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። ስሙን አምኖ የገዛ ሰው ሳያውቀው ወደ ሁለተኛው መስመር ይወርዳል።

እያንዳንዱ ጎሚቶ በ20 ሚ.ሜ. ቱቦ ላይ ከ60 ሳ.ሜ. ቀጥ ያለ ቱቦ ጋር እኩል ይታገላል። ስለዚህ 2 ሜትር ቱቦ እና 3 ጎሚቶ እንደ 3.8 ሜትር ቱቦ ይታሰባሉ፤ 3.8 × 7.5 = 28 ሳ.ሜ.። ለዩኒየኑና ለመውጫው አፍ 15 ሳ.ሜ. ይጨምሩ። ድምሩ 95 + 28 + 15 = 138፤ 1.4 ሜትር ብለን እንያዘው።

ደረጃ 4፦ ካርቶኑን ያንብቡ

ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር ይገኛል። አንዱ ከፍተኛ ፍሰት ነው፤ ይህ ውሃው ምንም ሳይወጣ፣ ከፍታ ዜሮ ሲሆን የሚገኝ ነው። ሌላው ከፍተኛ ከፍታ ነው፤ እዚያ ላይ ፍሰቱ ዜሮ ነው፣ ውሃው ቱቦው ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ሁለቱ ቁጥሮች ባንድ ጊዜ አይገኙም።

መመሪያ ወረቀቱ ላይ የፍሰት ግራፍ ካለ 1.4 ሜትር ላይ ስንት ሊትር እንደሚል ያንብቡ። ግራፍ ከሌለ በዚህ ይገምቱ፦ የእርስዎን ከፍታ ለፓምፑ ከፍተኛ ከፍታ ያካፍሉ፣ ውጤቱን ከ1 ይቀንሱ፣ የቀረውን በከፍተኛው ፍሰት ያባዙ።

- 1,500 ሊትር፣ 1.5 ሜትር የሚል ፓምፕ፦ 100 ሊትር ገደማ ይቀራል። ከቱቦው ሲንጠባጠብ ያዩታል።
- 2,500 ሊትር፣ 2.5 ሜትር የሚል፦ 1,100 ሊትር። ለጥቂት ያንሳል።
- 3,000 ሊትር፣ 3 ሜትር የሚል፦ 1,600 ሊትር። የሚገዛው ይህ ነው።

ግምቱ ሆን ተብሎ ጠንከር ያለ ነው፤ ጥሩ ፓምፕ ከዚህ የተሻለ ይሰጣል። ትርፉ ግን ያስፈልጋል፤ ኢምፔለሩ ኖራ ሲይዝና የማስገቢያው ወንፊት ሲቆሽሽ ፍሰቱ በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል።

ዋቱንም ይመልከቱ። 3,000 ሊትርና 3 ሜትር ተብሎ ዋቱ ከ15 በታች የተጻፈበትን ካርቶን አይመኑት። ውሃ ለማንሣት የሚፈጀው ጉልበት የታወቀ ስለሆነ ሒሳቡ አይገጥምም።

ደረጃ 5፦ ቮልቱንና ኸርዙን ያረጋግጡ

ፓምፑን ከውጭ በዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይ 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆኑ ከዚያ የመጣ ፓምፕ ያለ ችግር ይሠራል። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ በቀጥታ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ሰው የሚዘነጋው ኸርዙን፣ ማለትም ኮረንቲው በሴኮንድ የሚመላለስበትን ብዛት ነው። ተራ የኤሲ ፓምፕ (ያለ አዳፕተር በሶኬት ኮረንቲ የሚሠራው) ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያወርድም ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ የአሜሪካ ፓምፕ በትራንስፎርመር ሲሠራ ፍሰቱ ወደ 83 በመቶ፣ የመግፊያ ከፍታው ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። 3 ሜትር የተባለው 2 ሜትር ብቻ ይሆናል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይሞቃል። የሳዑዲ ዓረቢያ ፓምፕ የበለጠ ያሳስታል፤ ቮልቱ ተመሳሳይ ሆኖ ኸርዙ 60 ነው። ፓምፑ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፣ «50 ኸርዝ» ወይም «50/60 ኸርዝ» ካላለ አያስገዙ።

ደረጃ 6፦ ኤሲ ወይስ ዲሲ

ኤሲ ፓምፕ ሶኬት ላይ ሰክተውት የሚሠራ፣ ክፍሉ ጥቂት፣ ርካሽ ነው። ፍጥነቱ ግን አይስተካከልም። ዲሲ ፓምፕ አዳፕተርና መቆጣጠሪያ አለው፤ ፍጥነቱ ይስተካከላል፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ለተመሳሳይ ሥራ ያነሰ ዋት ይፈጃል። አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የትም አገር ይሠራል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን አዳፕተሩ ወይም መቆጣጠሪያው ስለሆነ፣ ሁለቱ ለብቻቸው የማይሸጡለትን ዲሲ ፓምፕ አይግዙ።

የእኛ ምክር፦ ለመጀመሪያ ሳምፕ፣ መለዋወጫ የሚገኝለት ደህና ኤሲ ፓምፕ። ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪን ኮረንቲ ወደ ሶኬት ኮረንቲ የሚቀይር) ላለው ቤት ግን ዲሲው ይሻላል፤ ምክንያቱም ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው የተዛባ ሞገድ ኤሲ ፓምፕን ያንጎራጉረዋል፣ ያሞቀዋልም። ኤሲ ፓምፕ ኢንቨርተር ላይ የሚሰካ ከሆነ «ንጹህ ሳይን ዌቭ» የሚለው መሆን አለበት። ዲሲ ፓምፕን በቀጥታ ባትሪ ላይ አያስሩ፦ «24 ቮልት» የሚባሉ ባትሪዎች ቻርጅ ላይ ሳሉ ከ27 ቮልት ያልፋሉ፣ መቆጣጠሪያው ያንን ካልቻለ ይቃጠላል።

ደረጃ 7፦ ሱቅ ውስጥ ፈትተው ይዩ

ፊቱን አዙረው ኢምፔለሩን ያውጡ። ያለ መፍቻ በእጅ ካልተፈታ ቤትም አይጸዳም። ዘንጉ ሴራሚክ መሆኑን፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የጎማ መቀመጫ መኖሩን ይዩ። ሴራሚክ አይዝግም፣ ግን እንደ ሲኒ ነው፣ ወለል ላይ ከወደቀ ይሰበራል። ለጨዋማ ውሃ ከሆነ ውሃ የሚነካው ብሎን በሙሉ ፕላስቲክ ወይም ቲታኒየም ይሁን፤ መዳብ ሽሪምፕና ኮራል ይገድላል።

ጣሪያ ላይ ላለ ሮቶ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ እዚህ ቦታ የለውም። ትንሹ እንኳ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 370 ዋት ገደማ ነው፤ ሌትና ቀን እንዲሠራም አልተሠራም።

የነከሩት ፓምፕ የሚፈጀው ዋት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በአዲስ አበባ ብርድ ይህ ማሞቂያውን ያግዛል። ድሬዳዋ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ ግን ያነሰ ዋት ያለውን መምረጥ ግድ ነው። ባለ 40 ዋት ፓምፕ በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል።

ደረጃ 8፦ ይግጠሙት

ፓምፑን ስፖንጁ ላይ ያስቀምጡ፣ የሳምፑን መስታወት እንዳይነካ። ከፓምፑ አፍ እስከ ደረቁ ቱቦ ያለውን ጥቂት ርቀት በለስላሳው ጎማ ያገናኙ፤ ጎማው ንዝረቱን ስለሚውጥ ቤቱ ሌሊት አይጎረብጥም። ዩኒየኑን ከላይ ይግጠሙ፣ ፓምፑ ለጽዳት ሲወጣ ቱቦ እንዳይቆረጥ። ፍሰት መቀነስ ካስፈለገ መውጫው ላይ ባለ ቫልቭ ይቀነስ። መግቢያውን ማነቅ ግን ፓምፑን አየር ያስውጠዋል።

የመውረጃው ቱቦ ከፓምፑ የበለጠ ማስወረድ መቻል አለበት። ፓምፑን ሙሉ አቅሙ ላይ አድርገው 10 ደቂቃ አጠገቡ ይቁሙ፤ የላይኛው ውሃ እየጨመረ ከሄደ ፓምፑ ለመውረጃው በዝቷል።

ደረጃ 9፦ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ዛሬውኑ ይሞክሩት

ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል። የቱቦው አፍ ከውሃው ገጽ 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ከሆነ ያ 5 ሳ.ሜ. ውሃ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። በምሳሌያችን 1 ሳ.ሜ. ማለት 4.8 ሊትር ስለሆነ 24 ሊትር መጣ ማለት ነው። ሳምፑ ውስጥ ይህ 8.6 ሳ.ሜ. ከፍታ ይጨምራል። ባዶ ቦታ ከሌለው ምንጣፉ ላይ ነው።

ስለዚህ የቱቦውን አፍ ከገጹ 1 ወይም 2 ሳ.ሜ. ብቻ ዝቅ ያድርጉት። በተጨማሪ ከገጹ 1 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ቱቦው ላይ 5 ሚ.ሜ. ቀዳዳ መብሳት ይቻላል፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና መሳቡ ይቆማል። ቀዳዳው በአልጌ ስለሚደፈን በየወሩ ይጽዳ። የማይመልስ ቫልቭ ብቻውን አይታመን፤ አንዲት ቀንድ አውጣ ወይም ጠጠር ከንፈሩ ላይ ከተቀመጠች አይዘጋም።

አሁን ሶኬቱን ይንቀሉ። ውሃው መውረዱን እስኪያቆም ይጠብቁ፣ የሳምፑ ጠርዝ ላይ ቢያንስ 3 ሳ.ሜ. መቅረቱን ይዩ። መልሰው ይሰኩት፣ ሲረጋጋ የፓምፑ ክፍል ውሃ የቆመበትን መስመር በማርከር ያስምሩ። ሲሞሉ ከዚያ መስመር በላይ አይለፉ።

ቀጥሎ የመነሣት ሙከራው ነው። አንድ ደቂቃ እያረፉ 10 ጊዜ ይንቀሉ፣ 10 ጊዜ ይሰኩ። አሥሩንም ጊዜ በራሱ መነሣት አለበት። አንዴም ቢሆን እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ከቀረ ገና አዲስ ሳለ ይመልሱት። ኤሲ ፓምፕ ሲነሣ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ለወራት ሲዞር የኖረ ኢምፔለር ከቆመ በኋላ በስሱ ኖራ ይያዛል፣ መብራት ሲመጣ ማላቀቅ ያቅተዋል። ሙከራውን በየሦስት ወሩ ይድገሙት።

መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ላይ መሰካት አዳፕተሩን ያተርፋል። ያ መዘግየት ዓሦቹን አይጎዳም።

ደረጃ 10፦ በባልዲ ይለኩ

የመመለሻውን አፍ ወደ 10 ሊትር ባልዲ አዙረው እስኪሞላ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ይያዙ። 36,000ን ለሴኮንዱ ያካፍሉ፣ የሚገኘው ሊትር በሰዓት ነው። በ30 ሴኮንድ ከሞላ 1,200 ነው። ቁጥሩን ከነቀኑ ሳምፑ ላይ ይጻፉት። ከዚህ በሩብ ያህል ሲቀንስ የጽዳት ጊዜ ደርሷል።

ደረጃ 11፦ ያጽዱ

በየ3 ወሩ ኢምፔለሩንና የፓምፑን ሆድ እኩል ውሃና አቼቶ ውስጥ ለ1 ሰዓት ይንከሩ፣ በብሩሽ ያሹ፣ በደንብ ያለቅልቁ። ሳሙና አይንካው፤ ጥቂት ቅሪት እንኳ ዓሣ ይጎዳል። ዘንጉ ላይ ጣትዎን ሲያስኬዱ የተቦረቦረ ከተሰማዎት ይቀይሩት። ሲነሣ የሚሰማው መንቀጥቀጥ የዚህ ምልክት ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ሶኬቱ ሳይነቀል እጅ ውሃ ውስጥ አይግባ። አርሲዲ ቢኖርም።
- ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይታጠፍ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ከታችኛው እጥፋት ይንጠባጠባል እንጂ ዲቫይደሩ ውስጥ አይገባም።
- ፓምፑን በገመዱ አያንሡት። ውሃ የሚገባው ገመዱ ከሞተሩ ጋር በተጣበቀበት ቦታ ነው።
- በደረቁ አያስነሡት። ዘንጉን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ውሃው ነው።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

የፓምፑን ክፍል ማጥበብ። ከገንዳው የሚተነው ውሃ ሁሉ የሚጎድለው ከዚህ ክፍል ነው። ክፍሉ 25 በ35 ሳ.ሜ. ከሆነ 1 ሳ.ሜ. ማለት 0.9 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከፓምፑ መግቢያ በላይ 10 ሳ.ሜ. ውሃ ካለና በቀን 2 ሊትር የሚተን ከሆነ አራት ቀን ሲያልፍ ፓምፑ አየር ይውጣል። ለፋሲካ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይህን አስልቶ ይሂድ ወይም ውሃ የሚጨምርለት ሰው ይተው።

መግቢያው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ማልበስ። በሁለት ሳምንት ይደፈናል፣ ፓምፑም ይታፈናል። ስፖንጁ ከፓምፑ በፊት ባለው ክፍል ይሁን።

ገንዳው ውስጥ ደቃቅ አረፋ ሲታይ ፓምፑን መክሰስ። ብዙውን ጊዜ የፓምፑ ክፍል ውሃ ዝቅ ብሎ ነው፤ እስከ ማርከሩ መስመር ሲሞላ ይጠፋል።

ትርፍ ኢምፔለር «ሲበላሽ እገዛለሁ» ማለት። ዘንግ የሚሰበረው ለጽዳት ሲፈታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ማታ፣ ሱቅ ተዘግቶ። ትርፉን ፓምፑን በገዙበት ቀን ይግዙ፤ ዓመት ሲያልፍ ያው ሞዴል ከመደርደሪያ ላይ ላይገኝ ይችላል።